ወፍ ቆጣሪው የባንክ ጸሐፊ

እ.ኤ.አ. በ1886 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በኒውዮርክ የገበያ ጎዳናዎች እየተዘዋወረ የሴቶችን ባርኔጣ ይቆጥር ነበር። ለሚያየው ሰው ሥራ ፈት ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ፋሽኑ ላባ፣ አንዳንዴም ሙሉ የደረቀ ወፍ ባርኔጣ ላይ መሰካት ነበር። ቻፕማን 700 ባርኔጣ ቆጠረ፤ 542ቱ የወፍ አካል ነበረባቸው። 40 ዓይነት ወፎችንም በስማቸው ለየ፤ ግንደ ቆርቁርም ጉጉትም ሳይቀር። ዝርዝሩን ፎረስት ኤንድ ስትሪም ለተባለ የአደን መጽሔት ላከና ታተመ።

እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ከጥሩ የዜና ሥራ አያንስም። ሴቶቹን አልሰደበም፣ አላለቀሰም፤ ሄዶ አየ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ። በቃ።

ቻፕማን በ1864 ኒውጀርሲ ውስጥ ተወለደ። ኮሌጅ አልገባም፤ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ባንክ ተቀጠረ። በ1884 የአሜሪካ የወፍ አጥኚዎች ማኅበር የወፎችን ፍልሰት ያለ ክፍያ የሚመዘግቡ ሰዎች ሲፈልግ ቻፕማን ስሙን ሰጠ። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጫካ ይገባል፣ ከዚያ ባቡር ይዞ ወደ ባንኩ ይሄዳል፣ ማታ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ጫካ። ምን ያደርጋል፣ ባንኩ ብዙም አልቆየለትም። በ1886 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1888 የኒውዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቀጠረው። እዚያም ከ50 ዓመት በላይ ሠራ።

በ1899 በርድ ሎር የተባለ የወፍ መጽሔት መሠረተ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የገና ዕለት አንድ ጨዋታ ነበር። ሰዎች በቡድን ተከፍለው ጠመንጃ ይዘው ጫካ ይወርዳሉ፤ ማታ ብዙ ግዳይ የቆለለ ቡድን ያሸንፋል። ቻፕማን ይህን በመስበክ ብቻ ማስቆም እንደማይቻል የገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጨዋታውን በሌላ ጨዋታ ተካው። አንባቢዎቹ በገና ዕለት ወጥተው ወፎቹን ሳይገድሉ እንዲቆጥሩና ውጤቱን ለመጽሔቱ እንዲልኩ ጋበዘ። በ1900 ገና 27 ሰዎች በ25 ቦታ ወጡ፤ 18,500 ያህል ወፍ ቆጠሩ። ፉክክሩ እኮ አልጠፋም፣ ጥይቱ ብቻ ነው የቀረው።

የገና ቆጠራ አንድ ጉድለት ነበረበት። በክረምት ጫካ ውስጥ የታየ ወፍ መንገደኛ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ጎጆ ሠርቶ ጫጩት ማሳደጉን አይነግረንም። ይህን የሞላው ያው መጽሔት ነው። ቻፕማን በ1935 ለኦዱበን ማኅበር ካስረከበው በኋላ፣ በ1937 የሚራቡ ወፎች ቆጠራ ተጀመረ። በጎ ፈቃደኛው ስፋቱ የታወቀ አንድ ጫካ ወይም ሜዳ ይመርጣል፤ በመራቢያው ወራት ማለዳ ማለዳ እየተመላለሰ የሚዘምረውን ወንድ ወፍ ሁሉ ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል። አንድ ወንድ ቀን በቀን እዚያው ቦታ ከዘመረ ግዛቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቶቹ የተሰባሰቡበት ቦታ እንደ አንድ ጥንድ ይቆጠራል። አድካሚ ነው፣ ግን ጎጆ ፍለጋ ቅርንጫፍ ሁሉ ከመበርበር ይሻላል።

ቻፕማንን ቅዱስ አድርጎ መጻፍ ግን አይቻልም። ራሱም ለሙዚየሙ ስብስብ ብዙ ወፍ በጠመንጃ ገድሏል። በጊዜው ለሳይንስ ሌላ መንገድ አይታወቅም ነበር የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ይሄ ግማሽ መልስ ነው፤ እሱ ራሱ እኮ ያለ ጥይት ወፍን ማወቅ እንደሚቻል ለሺዎች አሳይቷል።

ቻፕማን በ1942 ጡረታ ወጣ፤ በ1945 ሞተ። በ1966 ደግሞ ሌላ የበጎ ፈቃደኞች የመራቢያ ወራት ቆጠራ በመንገድ ዳር ተጀመረ። በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት እነዚህን መዝገቦች አገናዝቦ፣ ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ እንዳጣች ገለጸ። ከዚያ ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን የሚሆኑት በጫካ ውስጥ የሚራቡት ናቸው።