የአንጀትን ጥቃቅን ፍጥረታት የመረመረው ኤሊ ሜችኒኮፍ

የጌዴኦ እናት እንሰት ፍቃ፣ በኮባ ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብራ ስታብላላ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ለሥራ ታሰማራለች። ወተትን እርጎ የሚያደርጉትም የእነርሱ ዘመዶች ናቸው። እነዚህ ፍጥረታት ለጤና ይበጃሉ የሚለውን ሐሳብ በሳይንሱ ዓለም ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው።

ሜችኒኮፍ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አካባቢ ተወለደ። በ1873 የመጀመሪያ ባለቤቱን ሳንባ ነቀርሳ ነጠቀው። ሐዘኑ ሕይወቱን እስከ መጥላት ቢያደርሰውም ወደ ምርምሩ ተመለሰ።

በ1882 በጣሊያን፣ በሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ ሳለ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ቁስል ሲያብጥና ሲቀላ ሰውነት ራሱን እየተከላከለ መሆኑን ከዚህ ተረዳ። በዚህ የምርምር ዘርፍ ባበረከተው ሥራ በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተጋራ።

ከ1888 ጀምሮ በፓሪሱ ፓስተር ተቋም ሲሠራ ፊቱን ወደ አንጀት መለሰ። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው እርጎ ስለሚያዘወትሩ ነው ብሎ አመነ፤ ራሱም የረጋ ወተት አዘውትሮ ይጠጣ ነበር። ሆኖም የትልቁን አንጀት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው መርዝ አመንጪዎች ናቸው ብሎ ፈረደባቸው። በ1916፣ በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ፍርድ አሻሻሉት። የባክቴሪያዎቹ ጠባይ በእጅጉ የሚወሰነው በምንመግባቸው ነገር ነው። ከጎመን፣ ከባቄላና ከሌሎች አትክልትና ጥራጥሬዎች የሚገኘው አሰር ሲደርሳቸው ቡቲሬት የተባለ የስብ አሲድ ይሠራሉ፤ ስሙም የተወሰደው ከቅቤ ነው። ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፣ የሰውነትን መቆጣትም ያበርዳል። በአንጻሩ ስብ የበዛበትና አሰር ያነሰው ምግብ ሲዘወተር የባክቴሪያ ስባሪዎች ከአንጀት ወደ ደም እንደሚሰርጉ በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ የማይታይ መቆጣት ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያውካል፤ ለስኳር በሽታም በር ይከፍታል።

ሜችኒኮፍ ግማሹን አይቶ ግማሹን ለተከታዮቹ ትቷል። ትምህርቱ ግን ለዲላ ነዋሪም ለጌዴኦ አርሶ አደርም ቅርብ ነው፦ ቆጮው በቅቤ ሲቀርብ ቅቤው በልክ ይሁን፣ ጎመኑም ከገበታው አይጉደል።