ብላቴን ጌታ ኅሩይ፦ ገና ላልተወለዱ ልጆች ስም የመዘገቡት ሚኒስትር

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያጣሩት ዘር ነው። በብዙ ቦታ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን ብዙዎቻችን ግን እንቁጠር ብንል መታወቂያችን ላይ ካለው የአያት ስም ብዙም አናልፍም። ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ እነሱም አንድ በአንድ እየሄዱብን ነው። እሺ፣ ሰው ከሌለ ወረቀት አይጠፋም ብሎ የሚነሳ ሰው ምን ያገኛል? መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመላ አገሪቱ በወጥነት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አዋጁ ራሱ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለኖረው ሕዝብ የቀረልን በየደብሩ ያለ ብራና፣ የግብርና የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ነው።

ከነዚህ ጥቂት መጻሕፍት አንዱ በ1915 ዓ.ም. የታተመው «የሕይወት ታሪክ» ነው። ደራሲው የጻፉት በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን መሆኑን ከርዕሱ ጋር አስፍረውታል። ማለትም እኛን አስበው ነው የጻፉት። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ትምህርት ቤት የምናውቃቸው እንደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና እንደ «ወዳጄ ልቤ» ወይም «አዲስ ዓለም» ደራሲ ነው። ስም መዝጋቢነታቸው ግን ብዙ አይነሳም። እኔን ደግሞ ይበልጥ የሚገርመኝ እሱ ነው።

ኅሩይ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ፣ መርሐ ቤቴ ደን በሚባል ቦታ ተወለዱ። ከመኳንንት ቤት አልነበሩም። ያሳደጋቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ወደ ከተማ ያወጣቸውም ብዕር ነው። እንጦጦ ራጉኤል ከተማሩና ካገለገሉ በኋላ የውጭ ቋንቋ ወደ መማር ዞሩ። በዚያ ዘመን ግዕዙንም እንግሊዝኛውንም የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ይፈልጋቸው ጀመር። ሰኔ 1903 ዓ.ም. ለንደን ላይ የንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ከተመራው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጋር ሄዱ። ያኔ የ33 ዓመት ሰው ነበሩ።

ከለንደን በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ ምን ቢያሳትሙ ጥሩ ነው? የመጻሕፍት ዝርዝር! በኢትዮጵያ ምን ምን መጽሐፍ እንደሚገኝ የሚናገር ዝርዝር። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው፣ የግዕዙንም የአማርኛውንም ጨምረው በድጋሚ አወጡት። ለብዙ ሰው አሰልቺ ሥራ ይመስላል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ነገሩን በገበያ ዓይን ነው የማየው። መኖሩ ያልታወቀ ዕቃ ፈላጊ የለውም፤ ፈላጊ የሌለውን ደግሞ ማንም አይጠብቀውም። ብራና ዕቃ ቤት ውስጥ ሲበሰብስ ወይም አይጥ ሲበላው ጠያቂ የሚኖረው፣ በቅድሚያ እዚያ እንደነበረ የጻፈ ሰው ካለ ነው።

ደግሞ የድሮ መጽሐፍ ማለት ውስጡ ያለው ጸሎት ወይም ገድል ብቻ አይደለም። የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ሀብት ብዙ ጊዜ ያለው በኅዳጉና ባዶ በተተወው ገጽ ላይ ነው። ርስት የሰጠው ማን ነው፣ የተቀበለው ማን ነው፣ ምስክሮቹ እነማን ነበሩ፣ መሬቱ የት ነው፣ ይህ ሁሉ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል ዘወርቅ የሚባሉት መጻሕፍት በዚህ ይታወቃሉ። ከወንጌል ላይ ለመፋቅ የሚደፍር ስለማይኖር ከዚያ የተሻለ የውል መዝገብ አልነበረም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዷቸው ብራናዎች 350 ያህሉ ዛሬ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ የጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ጽሑፍ የያዙም አሉባቸው። አንድ የጎንደር ሰው የቅድመ አያቶቹን መሬት ታሪክ ለማየት ወደ ለንደን ሊላክ ይችላል ማለት ነው።

የኅሩይን ሹመት በዝርዝር ልተርክ አልፈልግም፤ ብዙ ተጽፎበታል። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ የውጭ ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ሠርተዋል። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር አሜሪካ ሄዱ፣ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን ዞሩ፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን ደረሱ። ከጉዞ ሲመለሱ ያዩትን ጽፎ ማሳተም ልማዳቸው ነበር። ይህን ሁሉ ሥራ ይዘው እንዴት ለመጻፍ ጊዜ እንዳገኙ ነው የማይገባኝ።

አሁን ወደ 1915 ዓ.ም. መጽሐፍ ልመለስ። ዘመኑን እስኪ አስቡት። ዐድዋ ካለፈ 27 ዓመት ሆኗል። በ1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ብዙ ሰው በልቷል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መጥቶ አዲስ አበባን ባዶ ሊያስቀራት ደርሶ ነበር። የምኒልክን ዘመን በዓይኑ ያየው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በቃሉ የሚያውቀው ትውልድ እያለቀ ነበር። ኅሩይ በዚህ ጊዜ ነው የሹማምንቱን፣ የጦር አለቆቹንና የሊቃውንቱን ስም ሰብስበው፣ ማን እንደነበሩና ምን እንደሠሩ በአጭር በአጭሩ የመዘገቡት። ረጅም ውዳሴ አይደለም። አንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ጥቂት መስመር ነው። ግን ጥቂት መስመርና ምንም አለመኖር በጣም ይለያያሉ።

የዘር ሐረግ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው፤ በልጁ ላይ ያ ስም ወደ ሦስተኛ ይሄዳል፤ በልጅ ልጁ ላይ ይጠፋል። በዚህ ላይ አንዱ ሰው ብዙ ስም አለው። እናቱ ያወጣችለት አለ፣ የክርስትና ስሙ አለ፣ ለጦር ሰው ደግሞ አባ እገሌ የሚባል የፈረስ ስም አለ። ማዕረጉም አይቆምም። ትናንት ግራዝማች የነበረው ዛሬ ቀኛዝማች፣ ነገ ፊታውራሪ ነው። በአንድ ሰነድ ቀኛዝማች፣ በሌላው ፊታውራሪ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ይሁን ሁለት የሚለየው፣ ስሙን ከሹመቱና ከሥራው ጋር አያይዞ የጻፈ ሰው ሲገኝ ነው። የኅሩይ መጽሐፍ ለዚህ ይጠቅማል።

ጉድለቱንም መናገር አለብኝ። መጽሐፉ የትልቅ ሰዎች መጽሐፍ ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ባሪያ ተብሎ የተሸጠው ሰው እዚያ ስሙን አያገኝም። ሴቶችም ቦታቸው ጠባብ ነው። ቅድመ አያቱ ተራ ወታደር ለነበረ ሰው የኅሩይ መጽሐፍ የሚነግረው ምናልባት አለቃው ማን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በደብሩ ብራና፣ በግብር መዝገብ፣ ሐረር ለሆነ ደግሞ በድሮው የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገብ መፈለግ የግድ ነው።

በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ። ቅኔ እንደሚታወቀው አንዴ ተዘርፎ፣ ሰሚው በቃሉ ካልያዘው አየር ላይ የሚቀር ነገር ነው። እሳቸው ወረቀት ላይ አሳረፉት። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ «ዋዜማ» መጣ። የነገሥታት ታሪክ ነው። ለዘር ሐረግ ፈላጊ ትምህርት የሚሆነው ግን ደካማ ጎኑ ነው ባይ ነኝ። የነገሥታቱ ዝርዝር ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2 ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንዱ ከሌላው ሳይቋረጥ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ከድሮዎቹ ስሞች ብዙዎቹ ከአገር ቤት ብራና የተገኙ ሳይሆኑ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከታተመ የአንድ ፈረንሳዊ መጽሐፍ የገቡ መሆናቸውን አሳይተዋል። በ1915 ዓ.ም. በዘመናቸው ስለነበሩ ሰዎች የጻፉትና በ1921 ዓ.ም. ስለ ጥንት ነገሥታት የጻፉት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ጸሐፊው አንድ ሰው ናቸው፤ ምንጩ ግን ይለያያል። ዛሬም የቤተሰብ ሐረጉን እስከ ንጉሥ ዳዊት አድርሶ በፍሬም የሚሰቅል ሰው አይጠፋም። መሃል ላይ ያሉትን ስሞች ከየት አመጣሃቸው ቢባል ግን መልስ የለውም።

ኅሩይ ጎሐ ጽባሕ በሚባለው ማተሚያ ቤት መጻሕፍታቸውን ያሳትሙ ነበር። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብ ጽፎ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ አንድ ነገር ነው፤ አትሞ መበተን ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያው ቅጂ የሚወጣው ድካም ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቅጂ ርካሽ ነው፤ አደጋውን ደግሞ እየተካፈለ ይሄዳል። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ቤት ይተርፋል። በራሳቸው ሥራ ላይ የደረሰውም ይህንኑ ያሳያል።

ከንግሥተ ሳባ እስከ ዐድዋ ድል የሚደርስ ትልቅ የኢትዮጵያ ታሪክ ጽፈው ነበር። መጽሐፉ ገና በኅትመት ላይ እያለ ጣሊያን መጣ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ኅሩይም ወጡ። የታተመው ጠፋ፤ የተረፈው ጥቂትና ያልተሟላ ቅጂ ነው። በየሰው እጅ የገቡት የቀደሙት መጻሕፍት ግን ወረራውን አልፈው ቆዩ። የደራሲው የዕድሜ ልክ ሥራ የሚባለው አንድ ቦታ ተከማችቶ ስለነበር ሊጠፋ ለጥቂት ቀረ፤ ትንሹ የስም መዝገብ ተረፈ።

የስደቱ ዘመን ክፉ ነበር። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ከጥቁር አንበሶች ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ በፋሺስቶች እጅ ተገደለ። የእኚያ የሰው ታሪክ ሰብሳቢ አባት የልጃቸው ሞት ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ሆነባቸው። ኅሩይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት ፌርፊልድ ቤት ውስጥ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. አረፉ። ነፃነትን አላዩም። የተቀበሩት እዚያው ባዝ ነበር፤ አፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

የጀመሩትን ሌሎች ቀጠሉት። በ1936 ዓ.ም. ዛሬ ወመዘክር የምንለው ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በ1942 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር»ን አሳተሙ። የመሬት ሥሪት፣ ግብር፣ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ሁሉ የታጨቀበት፣ የእኛ የኢኮኖሚክስ ልጆች ልናነበው ሲገባ ያላነበብነው መጽሐፍ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሳት ጀመሩ፤ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተነስተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኔሶታ ተቀመጠ። ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ዋናው ብራና የት እንደደረሰ በማይታወቅበት ጊዜ እንኳ ፎቶው አለ። ሚኒያፖሊስ የተወለደች የሐበሻ ልጅ አያቷ የተጠመቁበትን ደብር ብራና ስልኳ ላይ ልትከፍት ትችላለች፤ እዚያው ደብር አጠገብ ያለው የአጎቷ ልጅ ግን ዕቃ ቤቱ ተቆልፎበት ሊመለስ ይችላል።

በቄሰ ገበዙ አልፈርድም። ስንት ብራና በጎብኚ ሻንጣ ወጥቷል። መጽሐፉን አላሳይም የሚል ዕቃ ጠባቂ ብዙ ጊዜ ከልምድ ነው የሚናገረው። ፎቶ ማንሳት ግን ከቦታው ማንሳት አይደለም። ብራናው ሳይነቃነቅ አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ቅጂ ለወመዘክር ማስቀመጥ ይቻላል። ስልክ ባለበት ዘመን ወጪው ኅሩይ ለአንድ መጽሐፍ ኅትመት ከሚያወጡት ጋር የሚወዳደር እንኳ አይመስለኝም።

ከባዝ ከተማ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በኅትመት ላይ የጠፋው የኢትዮጵያ ታሪክም ከተረፉት ቅጂዎች ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ደግሞ ከአባቱ ሞት በኋላ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ ተርጉሞ አሳተመ፤ ሽፋኑ ላይም የአባቱ ስም ከስሙ ቀጥሎ አለ።