ባስተር ኪተን

ባስተር ኪተን (የትውልድ ስሙ ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን፤ ኦክቶበር 4 ቀን 1895 – ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የኮሜዲ ተዋናይ፣ የፊልም ዳይሬክተርና የቀልድ ደራሲ ነበር። በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ከቻርሊ ቻፕሊንና ከሃሮልድ ሎይድ ጋር ከታላላቆቹ አስቂኝ ተዋንያን አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በተለይ የሚታወቀው ምንም መከራ ቢደርስበት በማይለዋወጥ ፊቱና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምትክ ራሱ በሚሠራቸው አደገኛ ትዕይንቶች ነው። ዛሬ የእርሱ ታላቅ ሥራ የሚባለው «ዘ ጄኔራል» በወጣበት ጊዜ ገበያ አልቀናውም። ኪተን ከ1928 በኋላ በሥራው ላይ የነበረውን ነፃነት አጥቶ ለረጅም ጊዜ ከዝና ርቆ ኖረ። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ግን ቴሌቪዥንና ከመጥፋት የተረፉ የድሮ ፊልሞቹ እንደገና በሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ አድርገውታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና መድረክ

ኪተን በካንሳስ ግዛት ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ጆ ኪተንና እናቱ ማይራ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ትርኢት የሚያሳዩ የመድረክ ሰዎች ነበሩ። «ባስተር» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በሕፃንነቱ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሳይጎዳ በመነሣቱ እንደሆነ ይነገራል። ኪተን ራሱ ስሙን ያወጣለት የወላጆቹ የሥራ ባልደረባ የነበረው ዝነኛው አስማተኛ ሃሪ ሁዲኒ ነው ይል ነበር።

ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ ቤተሰቡም «ሦስቱ ኪተኖች» ተባለ። የትርኢቱ ዋና ነገር አባትየው የማይታዘዝ ልጁን መድረኩ ላይ ከወዲያ ወዲህ መወርወሩ ነበር። ለመያዝ እንዲመች በልጁ ልብስ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶበት ነበር። ለሕፃናት ደኅንነት የሚቆረቆሩ ሰዎች በተደጋጋሚ አቤቱታ ቢያቀርቡም ልጁ እንዴት መውደቅ እንዳለበት ስለተማረ ብዙም አይጎዳም ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ቁም ነገር አስተዋለ፤ ሲወድቅ ከሳቀ ተመልካቹ ዝም ይላል፣ ፊቱን ካጠቆረ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ዕድሜውን ሙሉ የታወቀበት «የድንጋይ ፊት» መነሻው ይህ ነበር።

ወደ ፊልም መግባት

አባቱ መጠጥ እያበዛ በመሄዱ የቤተሰቡ ትርኢት በ1917 ፈረሰ። ኪተን ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በአንድ ትልቅ የመድረክ ትርኢት ሊቀጠር ሲል በወቅቱ ዝነኛ የነበረውን አስቂኝ ተዋናይ ሮስኮ አርባክልን አገኘ። በዚያው ዓመት በአርባክል «ዘ ቡቸር ቦይ» (የሥጋ ቤቱ ልጅ) ፊልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ካሜራው እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈታትቶ እንደተመለከተው ይነገራል። የመድረኩንም ሥራ ትቶ በፊልም ጸና።

በ1918 ለአሜሪካ ጦር ተመልምሎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ወደ ፈረንሳይ ተላከ። እዚያም በያዘው የጆሮ ሕመም ምክንያት የመስማት ችሎታው በከፊል ተጎዳ።

የራሱ ስቱዲዮ (1920–1928)

በ1920 ፕሮዲውሰሩ ጆሴፍ ሼንክ ለኪተን የራሱን ስቱዲዮ ሰጠው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 19 አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። ከእነዚህ በመጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው «ዋን ዊክ» (አንድ ሳምንት) ተገጣጣሚ ቤት በስጦታ ያገኙ አዲስ ተጋቢዎችን ያሳያል። ተቀናቃኛቸው በሳጥኖቹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ስለቀያየረ ቤቱ ጠማማ ሆኖ ይሠራል፣ በማዕበልም ይሽከረከራል። በመጨረሻ ቤቱ በባቡር ሐዲድ ላይ ይቆማል። ባቡር መጥቶ በጎን ባለው ሐዲድ ሲያልፍ ባልና ሚስቱ እፎይ ሲሉ፣ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ባቡር ቤቱን ያደቅቀዋል። በ1921 በወጣው «ዘ ፕሌይሃውስ» ደግሞ አንዱን ፊልም ደጋግሞ በማንሣት ዘጠኝ ኪተኖች በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን እንዲታዩ አድርጓል።

ከ1923 ጀምሮ ረጃጅም ፊልሞችን መሥራት ያዘ። ከእነዚህ መካከል «አወር ሆስፒታሊቲ» (1923)፣ «ሸርሎክ ጁኒየር» (1924)፣ «ዘ ናቪጌተር» (1924) እና «ሰቨን ቻንስስ» (1925) ይገኛሉ። በ«ሸርሎክ ጁኒየር» የሲኒማ ቤት ሠራተኛ የሆነው ገጸ ባሕርይ እንቅልፍ ወስዶት በሕልሙ ወደ ሸራው ውስጥ ይገባል። ይህን ፊልም ሲሠራ ከባቡር የውኃ ማጠራቀሚያ የወረደ ውኃ ጥሎት የአንገት አጥንቱ ተሰነጠቀ። ራሱን አሞት ቢሰነብትም ሥራውን ቀጠለ፤ ስብራቱ የታወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ምርመራ ነው።

በ«ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» (1928) የአንድ ሙሉ ቤት የፊት ግድግዳ በላዩ ላይ ይወድቃል፤ እርሱ የሚተርፈው የቆመው በክፍቱ መስኮት ትክክል ስለሆነ ብቻ ነው። ግድግዳው እውነተኛ ክብደት ነበረው፤ ኪተን የቆመበትን ቦታ ትንሽ ቢስት ኖሮ ይሞት ነበር።

«ዘ ጄኔራል»

ኪተን ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ ይወደው የነበረው በ1926 የተሠራው «ዘ ጄኔራል» ነው። ታሪኩ በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በእውነት በተፈጸመ የባቡር ጠለፋ ላይ የተመሠረተ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የተሰረቀበትን ባቡር ለማስመለስ ብቻውን ጠላትን የሚያሳድድ የባቡር ነጂ ነው። ፊልሙ የተነሣው በኦሪገን ግዛት ኮቴጅ ግሮቭ አካባቢ ነው። እዚያም እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር በሚቃጠል ድልድይ ላይ ሲያልፍ ድልድዩ ተደርምሶ ባቡሩ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ይህ ትዕይንት በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ከፍተኛ ወጪ የወጣበት አንድ ቀረጻ እንደሆነ ይነገራል። ሊደገም የማይችል ስለነበር በአንድ ጊዜ መሳካት ነበረበት።

ፊልሙ በወቅቱ የተቀበለው ትችት ቀዝቃዛ ነበር፤ ገቢውም ከወጪው ጋር የሚመጣጠን አልሆነም። ይህ ኪሳራ ፕሮዲውሰሮቹ ለኪተን ሰጥተውት የነበረውን ሙሉ ሥልጣን እንዲጠራጠሩ አደረጋቸው።

ነፃነቱን ያጣበት ጊዜ

በ1928 ሼንክ የኪተንን ስቱዲዮ ዘግቶ ወደ ትልቁ የፊልም ኩባንያ ወደ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር እንዲዛወር አደረገ። ቻፕሊንና ሎይድ እንዳይፈርም መክረውት እንደነበር ኪተን በኋላ ተናግሯል፤ ውሉን መቀበሉንም የሕይወቱ ትልቁ ስሕተት አድርጎ ያየው ነበር። ችግሩ ድምፅ መምጣቱ ብቻ አልነበረም። ኪተን ይሠራ የነበረው ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር መነሻና መድረሻ ብቻ ይዞ፣ መካከሉን በቀረጻ ቦታ እየፈጠረ ነበር። አዲሱ ኩባንያ ግን እያንዳንዱ ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቅ ነበር።

እዚያ የሠራው የመጀመሪያው ፊልም «ዘ ካሜራማን» (1928) ከምርጥ ሥራዎቹ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ ድምፅ ፊልሞች ግን ብዙ ንግግር የሚበዛባቸውና የእርሱን ስልት የማይስማሙ ነበሩ። በሦስቱ ላይ ከለፍላፊው ተዋናይ ከጂሚ ዱራንቴ ጋር ተጣምሯል። እነዚህ ፊልሞች ጥሩ ገበያ ማግኘታቸው ኩባንያው አካሄዱን እንዳይለውጥ አደረገው፤ ኪተን «ዘ ጄኔራል»ን ሠርቶ ያላገኘውን ገቢ በማይወዳቸው ፊልሞች አገኘ። በዚሁ ጊዜ ከናታሊ ታልማጅ ጋር የነበረው ትዳር በ1932 ፈረሰ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹም ከእርሱ ተለዩ። መጠጥ አበዛ፤ በ1933 ኩባንያው አሰናበተው።

ብዙም የማይታወቁ ፊልሞቹ

ከ1934 እስከ 1941 የሠራቸው ሥራዎች ለረጅም ጊዜ እንደ ውድቀት ዘመን ምልክት ብቻ ሲታዩ ቆይተዋል። በፓሪስና በእንግሊዝ አንዳንድ ፊልም የሠራ ሲሆን፣ ኤዱኬሽናል ፒክቸርስ ለተባለው አነስተኛ ኩባንያ ከ1934 እስከ 1937 ድረስ 16 አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። በጀታቸው ትንሽ፣ የቀረጻ ጊዜያቸውም አጭር ነበር። ሆኖም ከእነዚህ መካከል «ግራንድ ስላም ኦፔራ» (1936) የድሮውን ኪተን የሚያስታውስ ነው። በዚህ ፊልም ከገጠር የመጣ ሰው በሬዲዮ የተሰጥኦ ውድድር ላይ ኳስ እየወረወረ መቅለብን ሊያሳይ ይቀርባል፤ ቀልዱ የሬዲዮ አድማጭ ይህን ማየት አለመቻሉ ላይ ነው።

ከ1939 እስከ 1941 ለኮሎምቢያ ኩባንያ 10 ተጨማሪ አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። እነዚህ ጫጫታና መመታታት ይበዛባቸዋል፤ ኪተን ራሱም አልወደዳቸውም። የድሮ ፊልም አፍቃሪዎች ግን በእነዚህ ሥራዎች ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ የታላቅ ሰው ድካም ብቻ ይታይባቸዋል ሲሉ፣ ሌሎቹ በርካሽ ፊልም ውስጥ እንኳ የእርሱ ጥንቃቄ የተሞላበት አወዳደቅና የጊዜ አጠባበቅ ጎልቶ ይወጣል ይላሉ።

ከዚህም ያነሰ የሚታወቀው በስውር የሠራው ሥራ ነው። ያሰናበተው ኩባንያ በጥቂት ደመወዝ የቀልድ አማካሪ አድርጎ መልሶ ቀጠረው። በሬድ ስኬልተን «ኤ ሳውዘርን ያንኪ» (1948) ተዋናዩ የሁለቱን ተዋጊ ወገኖች መለያ ግማሽ በግማሽ ለብሶ በጦር ሜዳ መካከል ሲሄድ ሁለቱም ወገኖች በደስታ ይጮኹለታል። ይህን ቀልድ የፈጠረው ኪተን ነው።

በ1940 ዳንሰኛዋን ኤሊኖር ኖሪስን አገባ። ይህ ትዳር እስከ ሕልፈቱ የዘለቀ ሲሆን ሕይወቱን አረጋግቶለታል።

ቴሌቪዥንና ዳግም መታወቅ

በ1949 ጸሐፊው ጄምስ ኤጂ ስለ ድምፅ አልባ ኮሜዲ በ«ላይፍ» መጽሔት ያወጣው ሰፊ ጽሑፍ ኪተንን ከታላላቆቹ ተርታ አስቀመጠው። በዚያው ዓመት በኤድ ዊን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ከ32 ዓመት በፊት በ«ዘ ቡቸር ቦይ» የሠራውን ትዕይንት ደገመ። በ1950 በሎስ አንጀለስ ጣቢያ የራሱን የቀጥታ ስርጭት ዝግጅት ጀመረ። ፊልሞቹን በሲኒማ ቤት ለማየት ያልደረሱ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት በቤታቸው ሣጥን ነው። በ1961 በ«ዘ ትዋይላይት ዞን» ተከታታይ ዝግጅት ላይ ከ1890 ወደ ዘመናዊው ጊዜ የሚሻገር ሰው ሆኖ ተጫውቷል፤ የዝግጅቱ ከፊል ክፍል እንደ ድሮው ድምፅ አልባ ሆኖ ተሠርቷል።

የድሮ ፊልሞቹ ግን አደጋ ላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት የሚባለው ነገር በቀላሉ የሚቃጠልና በጊዜ ብዛት የሚበሰብስ ነው። በ1950ዎቹ ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን ቀድሞ የኪተን በነበረው የቤቨርሊ ሂልስ ቤት ውስጥ ሲኖር የተረሱ የፊልም ጥቅሎችን አገኘ። የፊልም ሰብሳቢው ሬይመንድ ሮሃወርም ከኪተን ጋር ተሻርኮ ሥራዎቹን በማይቀጣጠል ፊልም ላይ አስገለበጠ። በዚህ መንገድ «ዘ ጄኔራል» በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ እንደ አዲስ ታየ። በ1960 ኪተን የክብር ኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

ፍለጋው ከሞተም በኋላ አልቆመም። ከአርባክል ጋር የሠራው «ዘ ኩክ» (1918) በ1998 በኖርዌይ ተገኘ። የ«ዘ ብላክስሚዝ» (1922) ከሚታወቀው የተለየ ቅጂ ደግሞ በ2013 በአርጀንቲና ተገኝቷል። በ1987 ኬቨን ብራውንሎውና ዴቪድ ጊል ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያዘጋጁት ባለ ሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ለአዲስ ትውልድ አስተዋውቆታል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1964 በኒው ዮርክ የሳሙኤል ቤኬት ድርሰት በሆነው «ፊልም» በተሰኘ አጭር ሥራ ላይ ተጫወተ። በዚህ ሥራ በፊቱ የታወቀው ተዋናይ ፊቱ እስከ መጨረሻው አይታይም። በዚያው ዓመት ለካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ «ዘ ሬይልሮደር»ን ሠራ፤ በትንሽ የሐዲድ መኪና ካናዳን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። የ69 ዓመት አዛውንት ሆኖ ትልቅ ካርታ ተጠቅልሎበት በረጅም ድልድይ ላይ የሚያልፍበትን ትዕይንት ራሱ እንዲሠራ አጥብቆ ጠይቆ ሠርቶታል።

በሴፕቴምበር 1965 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ተመልካቹ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 በሎስ አንጀለስ በሳንባ ካንሰር በ70 ዓመቱ ዐረፈ። የመጨረሻ ፊልሞቹ አንዱ «ኤ ፈኒ ቲንግ ሃፕንድ ኦን ዘ ዌይ ቱ ዘ ፎረም» ከሞተ በኋላ ለእይታ በቃ።

በ1972 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በሐያስያን ባደረገው ምርጫ «ዘ ጄኔራል» ከምንጊዜም አሥር ምርጥ ፊልሞች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። በ1989ም የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የፊልም መዝገቡን ሲጀምር ካሰፈራቸው የመጀመሪያዎቹ 25 ፊልሞች መካከል ይኸው በወጣበት ጊዜ የከሰረ ፊልም ይገኝበታል።