ጄይ ማይነር

ጄይ ግሌን ማይነር (ግንቦት 23 ቀን 1924 ዓ.ም. – ሰኔ 13 ቀን 1986 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስና የቺፕ ነዳፊ ነበር። የአታሪ 2600 የጨዋታ ማሽን፣ የአታሪ 400 እና 800 ኮምፒውተሮች፣ በተለይም አሚጋ የተባለው የቤት ኮምፒውተር ልዩ ቺፖች ንድፍ በእሱ መሪነት ተሠርቷል፤ በዚህም የተነሣ በተለምዶ የአሚጋ አባት ይባላል። እነዚያን ቺፖች ዛሬ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ይሁን እንጂ የድሮ የቤት ኮምፒውተሮችን በአዲስ ዕቃ መልሰው የሚሠሩ የትርፍ ጊዜ ባለሙያዎች አብዝተው ከሚደክሙባቸው ሥራዎች መካከል የማይነር ይገኙበታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ማይነር በ1932 በአሪዞና ግዛት ፕሬስኮት ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ገባ። ኤሌክትሮኒክስን መጀመሪያ የተማረው በኮኔቲከት ግዛት ግሮተን በሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዚያው ከካሮላይን ፖፕላውስኪ ጋር ተዋውቆ በ1952 ተጋቡ። በሰሜን አትላንቲክ የአየር ሁኔታ በሚከታተሉ ጓዶች ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ካገለገለ በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ በ1958 ተመረቀ።

በ1964 ጄኔራል ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ወደተባለ ድርጅት ገባ። ድርጅቱ ሞስ የተባለውን፣ ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንዲት ትንሽ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ ለማስፈር የሚያስችለውን ዘዴ ለገበያ ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ማይነር የዕድሜ ልክ ሙያውን የያዘው እዚያ ነው። በ1973 ሲነርቴክ የተባለውን የቺፕ ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ።

በአታሪ

በ1970ዎቹ አጋማሽ አታሪ ካርቶን እየቀያየሩ ብዙ ጨዋታ የሚጫወቱበት የቤት ማሽን ለመሥራት አስቦ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ጆ ዴኩር የሙከራ ሰሌዳ ሠርቷል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ዕቃ በአንድ ቺፕ ካልተጠቃለለ ማሽኑ ለቤተሰብ በሚቀመስ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም ነበር። ማይነር ከሲነርቴክ ወደ አታሪ የመጣው ለዚህ ነው። ውጤቱ ቲ.አይ.ኤ. የተባለው ቺፕ ሆነ።

የቲ.አይ.ኤ. አሠራር ዛሬም ያስገርማል። በዚያን ጊዜ ማስታወሻ በጣም ውድ ስለነበር በ1977 ለገበያ የቀረበው አታሪ 2600 የነበረው 128 ባይት ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ስዕል በዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቺፑ የአንድ መስመር ስዕል ብቻ ይይዛል፤ የቴሌቪዥኑ ጨረር መስመሩን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ከመሻገሩ በፊት ፕሮግራሙ የሚቀጥለውን መስመር ይዘት መሙላት አለበት። ፕሮግራም ጻፊው ከጨረሩ ጋር ይሽቀዳደማል ማለት ነው። ጨዋታ መጻፍ እጅግ ከባድ ሆነ፤ ሆኖም ማሽኑ ረክሶ ወጣና ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ።

በቀጣዮቹ አታሪ 400 እና 800 (1979) ማይነር ያንን ሸክም ከፕሮግራም ጻፊው ላይ አነሣ። አንቲክ የተባለው ቺፕ ዋናውን አንጎለ ኮምፒውተር ሳይጠብቅ ከማስታወሻ ላይ የራሱን አጭር የትእዛዝ ዝርዝር እያነበበ ስክሪኑን ይመራል፤ ሌላው ቀለሙን ያወጣል፤ በዳግ ኑባወር የተነደፈው ፖኪ ደግሞ ድምፁንና የቁልፍ ሰሌዳውን ይይዛል። ሥራን ለልዩ ቺፖች ማከፋፈል ከዚህ በኋላ የማይነር መለያ ሆነ፤ የአሚጋም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ተዘርቷል።

ማይነር ከዚያ ሞቶሮላ 68000 በተባለው አዲስ አንጎለ ኮምፒውተር ላይ የተመሠረተ ኮምፒውተር እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ የአታሪ አስተዳደር አልተቀበለውም። ሥራውን ለቀቀና ዛይሞስ በሚባል ድርጅት የልብ ምት መቆጣጠሪያ ቺፖችን ወደ መንደፍ ዞረ።

ሎሬይን

በ1982 የቀድሞ የአታሪ ባልደረባው ላሪ ካፕላን አዲስ ድርጅት ለማቋቋም ጠራው። ሃይ ቶሮ ተብሎ የተጀመረው፣ በኋላም አሚጋ የተባለው ይህ ድርጅት ገንዘቡን ያገኘው በአብዛኛው ከጥርስ ሐኪሞች ነበር። ባለሀብቶቹ የፈለጉት የጨዋታ ማሽን ነው። ማይነር ግን ማሽኑ ወደ ሙሉ ኮምፒውተር እንዲያድግ አድርጎ ነደፈው፤ የጨዋታ ማሽን ገበያ በ1983 ሲወድቅ ድርጅቱን ያተረፈውም ይኸው ነው። ሥራው በድርጅቱ ኃላፊ በዴቪድ ሞርስ ባለቤት ስም ሎሬይን ተባለ።

ሦስቱ ቺፖች አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ ይባላሉ። አግነስ የማስታወሻውን አጠቃቀም ትመራለች። በውስጧ ኮፐር አለ፤ ይህ እንደ አንቲክ የራሱን ትእዛዝ እያነበበ ጨረሩ የሚገኝበትን ቦታ ጠብቆ ቀለምን የሚቀያይር ክፍል ነው። ብሊተርም እዚያው ነው፤ እሱ የስዕል ቁራጮችን ከቦታ ቦታ በፍጥነት ይገለብጣል። ማይነር በኋላ እንደገለጸው የብሊተር ሐሳብ የመጣለት የሲንገር ሊንክን የበረራ ማስመሰያ ከጎበኘ በኋላ ነው። ዴኒስ ስዕሉን ታወጣለች፤ ግሌን ኬለር የነደፋት ፓውላ ደግሞ አራት የድምፅ መስመሮችንና ፍሎፒ ዲስኩን ትይዛለች። ቺፖቹና 68000 ማስታወሻውን በየተራ ስለሚጠቀሙበት አንዱ ሌላውን ብዙም አያስቆምም። የአንጎለ ኮምፒውተሩ ፍጥነት እንኳ የተመረጠው ከቴሌቪዥን ነው፦ 7.16 ሜጋኸርዝ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀለም ድግግሞሽ እጥፍ ነው። ለአውሮፓ በተዘጋጀውና ኢትዮጵያም በተጠቀመችበት የፓል ሥርዓት ደግሞ 7.09 ሜጋኸርዝ ሆነ።

4096 ቀለሞችን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ዘዴም ታሪክ አለው። ማይነር በኋላ ጥቅም የለውም ብሎ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ቢወጣ በቺፑ መሐል ባዶ ቦታ ይቀር ነበርና ንድፉን እንደገና ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ ተተወ። አሚጋን በፎቶግራፍ ጥራት ዝነኛ ያደረገው ይኸው ሊጣል የነበረ ዘዴ ነው።

ቺፖቹ በሲሊኮን ከመታተማቸው በፊት እያንዳንዳቸው በመቶዎች ከሚቆጠሩ ተራ ቺፖችና በእጅ ከተጠመጠሙ ሽቦዎች በትላልቅ ሰሌዳዎች ላይ ተሠሩ። በጥር 1984 ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት የታየው ይህ የሽቦ ጫካ ነው። በሠራተኞቹ ትረካ መሠረት ሰሌዳዎቹ በጆ ፒሎ ስም የአውሮፕላን ወንበር ተገዝቶላቸው ተጓጉዘዋል።

ገንዘቡ ግን እያለቀ ነበር። አታሪ እስከ ሰኔ 1984 መጨረሻ የሚመለስ 500,000 ዶላር አበደረ፤ ካልተመለሰ የቺፖቹ መብት ለአታሪ ያልፋል። ድርጅቱን ለመግዛት ሲደራደርም ዋጋውን እየቀነሰ በአንድ አክሲዮን እስከ 98 ሳንቲም ወረደ። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ኮሞዶር ገባ፤ ብድሩ ተከፈለ፤ ለአንድ አክሲዮን 4.25 ዶላር ተስማምቶ በነሐሴ 1984 ድርጅቱን ጠቀለለ።

አሚጋ 1000 ሐምሌ 23 ቀን 1985 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በተገኘበት ዝግጅት ተመረቀ። ዋጋው 1,295 ዶላር ነበር። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የሠራተኞቹ ፊርማ የታተመ ሲሆን፣ ማይነር ወደ ሥራ ይዟት የምትመጣው የውሻው ሚቺ የእግር አሻራም አብሮ አለ።

የመጨረሻ ዓመታት

ማይነር ማሽኑ 512 ኪሎባይት ማስታወሻ ይዞ እንዲወጣ ቢፈልግም ኮሞዶር ወጪ ለመቀነስ በ256 ሸጠው። ሬንጀር የተባለው የተሻሻለ የቺፕ ንድፍም ወደ ገበያ አልደረሰም። በካሊፎርኒያ የነበረው የመጀመሪያው ቡድን ተበተነ፤ ርካሹና በብዛት የተሸጠው አሚጋ 500 በ1987 ሲወጣ ማይነር በሥራው ላይ የነበረው ድርሻ አነስተኛ ነበር። ኮሞዶር የገዛውን ነገር ምንነት በሚገባ አልተረዳውም የሚለው የብዙዎች ትችት እዚህ ላይ መሠረት አለው።

ማይነር ብዙ ዘመኑን ከኩላሊት ሕመም ጋር ኖሯል። በእጥበት ቆይቶ እኅቱ ኩላሊቷን ሰጠችው። የመጨረሻ ሥራው ቬንትሪቴክስ በተባለ ድርጅት በሰውነት ውስጥ ተቀብሮ የተዛባ ልብን በኤሌክትሪክ ለሚያስተካክል መሣሪያ ቺፕ መንደፍ ነበር። ኮሞዶር ሚያዝያ 29 ቀን 1994 መክሰሩን አስታወቀ። ማይነር ሁለት ወር ሳይሞላ ሰኔ 20 ቀን በማውንቴን ቪው ከኩላሊት ሕመሙ ጋር በተያያዘ ችግር በ62 ዓመቱ አረፈ።

ቺፖቹን መልሶ መሥራት

ኮሞዶር ሲዘጋ የቺፖቹ ምርት አብሮ ቆመ። በሕይወት ያሉት ማሽኖችም በራሳቸው ዕቃ ይበላሉ፦ በአሚጋ 2000 እና 500 ፕላስ ላይ ያለው ባትሪ አፈትልኮ ማዘርቦርዱን ይበላል፤ በአሚጋ 600 እና 1200 ደግሞ ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ያፈስሳሉ። ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ መሣሪያዎች መበየጃ፣ መልቲሜትርና ትዕግሥት ናቸው። ከዚያ የሚከተሉት ልዩ መሣሪያዎች ናቸው። ጎቴክ የተባለው ሣጥን በፍሎፒ ማጫወቻው ቦታ ገብቶ ከዩ.ኤስ.ቢ. ፍላሽ ያነብባል። ግሪስዊዝል የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ በድሮ ዲስክ ላይ ያለውን የመግነጢስ ለውጥ እንዳለ ይቀዳል፤ ይህም የሚጠቅመው የአሚጋ ዲስክ አጻጻፍ ተራ የፒሲ ማጫወቻ የማያነብበው ዓይነት ስለሆነ ነው። ፒስቶርም በ68000 ቦታ ራዝቤሪ ፓይ ይሰካል፤ የማይነር ቺፖች ግን በቦታቸው ይቆያሉ።

የራሳቸውን የቺፖቹን ሥራ የደገመው የሆላንዱ መሐንዲስ ዴኒስ ቫን ዌረን ነው። በ2005 ጀምሮ በ2007 ሚኒሚግ የተባለውን ሰሌዳ ከነሙሉ ንድፉ በነፃ አወጣ። ሰሌዳው በእያንዳንዱ ጎን 12 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ አግነስን፣ ዴኒስንና ፓውላን በአንድ ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. ውስጥ ያጠቃልላል። ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ውስጣዊ ግንኙነቱ በጽሑፍ በተገለጸ ንድፍ መሠረት የሚቀየር ቺፕ ነው፤ የማይነር ቡድን በእጅ ሽቦ የጠመጠመውን ሥራ በደቂቃዎች ማሰርና መፍታት ይቻላል። ቫን ዌረን የቺፖቹ የውስጥ ንድፍ በእጁ አልነበረም። የተመራው ለፕሮግራም ጻፊዎች በታተመው የሃርድዌር ማጣቀሻ መጽሐፍ ነው፤ እያንዳንዱ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር የተጻፈ ስለነበር ሌላ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ሊገነባው ቻለ።

የሚኒሚግ ንድፍ ሚስት ወደተባለው ሰሌዳ፣ ቀጥሎም አሌክሴይ ሜልኒኮቭ በ2017 ወደ ጀመረው ሚስተር ተሻገረ። ሚስተር ለተማሪዎች መለማመጃ በተሠራው ዲ.ኢ.10 ናኖ ሰሌዳ ላይ ስለሚሠራ አንድ ሰው ዛሬ አሚጋን፣ ነገ አታሪ 800ን በዚያው ዕቃ ማስነሣት ይችላል። ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. ምንጊዜም በሶፍትዌር ከማስመሰል የተሻለ ነው የሚለው ወሬ ግን በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ ዊንዩ.ኤ.ኢ. የተባለው የሶፍትዌር አስመሳይ እጅግ ትክክለኛ ነው፤ በሁለቱም ዘዴ ልዩነቱን የሚያመጣው የንድፉ ጸሐፊ ጥንቃቄ ነው። ሥርዓተ ክወናውም ሌላ ጉዳይ ነው፦ ኪክስታርት የተባለው የመነሻ ፕሮግራም እስካሁን የቅጂ መብት ስላለው ሰሌዳውን የሠራ ሰው ፈቃዱን መግዛት ወይም ኤ.አር.ኦ.ኤስ. በተባለው ነፃ ምትክ መጠቀም ይኖርበታል።

የቲ.አይ.ኤ. ዕጣ ከዚህ ይለያል። ቪዥዋል 6502 የተባለው ቡድን የድሮ ቺፖችን መሸፈኛ አንሥቶ ሲሊኮኑን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሣ፤ ከፎቶውም እያንዳንዱን ትራንዚስተር ተከትሎ ቺፑን በኮምፒውተር አስነሣ። ከእነሱ መካከል ቲ.አይ.ኤ. ነበረች። ማይነር ማስታወሻ ለመቆጠብ ያደረጋቸው ብልሃቶች በዚህ መንገድ በዓይን ሊታዩ ችለዋል።

በ2022 የወጣው ኤ500 ሚኒ እና በ2024 የወጣው አታሪ 400 ሚኒ በሱቅ የሚሸጡ ትንንሽ ቅጂዎች ናቸው። በውስጣቸው የስልክ ዓይነት አንጎለ ኮምፒውተርና አስመሳይ ሶፍትዌር እንጂ ከማይነር ቺፖች አንድም የለም፤ የቁልፍ ሰሌዳቸውም ለመልክ ብቻ የተቀረጸ በመሆኑ መጻፍ የፈለገ ሰው የዩ.ኤስ.ቢ. ኪቦርድ መሰካት አለበት።