ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፥ የአንጎልን ሴል ለይቶ ያሳየ ሊቅ

በዛሬው ጊዜ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማይነጋገር ሰው ጥቂት ነው። መሣሪያ ደብዳቤ ይጽፋል፥ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ይተረጉማል፥ ፎቶግራፍ አይቶ የማን ፊት እንደ ሆነ ይለያል። የዚህን መሣሪያ አሳብ ወደ ኋላ እየተከተለ ለሚሄድ ሰው መንገዱ የሚያደርሰው ከአንድ እስፓንያዊ ሐኪም የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔም በዚህ የበዓል መጽሐፍ ውስጥ የዚያን ሐኪም ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በሜይ 1 ቀን 1852 በሰሜን እስፓንያ ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ዶን ኹስቶ በድኅነት ያደገ፥ በመጀመሪያ ፀጉር በመቁረጥና ቁስል በማከም ሙያ የተለማመደ፥ ኋላም በብርቱ ጥረት የሕክምና ማዕረግ ያገኘ ሰው ነበረ። እንዲህ ያለ አባት ልጁም ሐኪም እንዲሆን መመኘቱ አያስደንቅም። የልጁ ልብ ግን በሥዕል ላይ ነበረ፤ ወረቀት ቢያገኝ በወረቀት፥ ቢያጣ በግድግዳ ላይ ይሥል ነበር። አባትዮው ነገሩን ለመቁረጥ ሲል አንድ ቀን የልጁን ሥዕል ይዞ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከሚቀባ ሠራተኛ ዘንድ ወሰደው፤ ሠራተኛውም ልጁ ለሥዕል እንደማይሆን ፈረደ። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ለዚህ ጉዳይ የሚጠየቀው ኖራ ቀቢው ሳይሆን የደብሩ ሠዓሊ ነበር።

በትምህርት ቤት ስሙ የከፋ ነበረ። በቃል ማጥናትን ይጠላል፥ ሕግ ያፈርሳል፥ ይገረፋል። በ11 ዓመቱ ገደማ ራሱ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር ሰባብሮ እስከ መታሰር ደርሷል። አባቱም ተስፋ ቆርጦ ለፀጉር አስተካካይና ለጫማ ሰፊ ሙያ እንዲማር ሰጠው። የአባቱን ጨካኝነት ብቻ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ቁጣ ልጄ ከንቱ ሆኖ ይቀር ይሆን ከሚል ፍርሃት የመጣ ይመስለኛል።

አባትና ልጅን ያስታረቃቸው የሙታን አጥንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1868 ዶን ኹስቶ የ16 ዓመት ልጁን ወደ አንድ መቃብር ስፍራ ይዞት ሄደና በዚያ በተገኙት አጥንቶች የሰውን አካል አሠራር ያስተምረው ጀመር። ሳንቲያጎም አጥንቱን አንድ በአንድ ሣለ፤ ሲሥልም ሳይታወቀው አጠናው። የተከለከለው ሥዕልና የተጠላው ሕክምና በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

በ1873 በሳራጎሳ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያ በኋላ የጦር ሐኪም ሆኖ ወደ ኩባ ተላከ፤ በረግረጉ ምድር በወባ ክፉኛ ታሞ በ1875 እንደ ጥላ ሆኖ ተመለሰ። ከደመወዙ ካጠራቀመው ገንዘብ ግን ማይክሮስኮፕ ገዛ።

በዚያን ጊዜ የአንጎል አሠራር ሊቃውንቱን ያከራክር ነበር። ከኮሶዬ አፋፍ ላይ ቆሞ ገደሉን የሸፈነውን ዛፍና ቁጥቋጦ የሚመለከት ሰው አንዱ ቅርንጫፍ የየትኛው ግንድ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸግረዋል። አንጎልም በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደዚሁ የተጠላለፈ ነበረ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ነገሩ ሁሉ እርስ በርሱ ተጋጥሞ የተሠራ አንድ መረብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ኢጣልያዊው ካሚሎ ጎልጂ ነው። ጎልጂ በ1873 በብር ናይትሬት አማካይነት ከብዙዎቹ ሴሎች መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ከነቅርንጫፋቸው አጥቁሮ የሚያሳይ ዘዴ አገኘ። ዘዴው ግን አንድ ጊዜ ይሠራል፥ ሌላ ጊዜ ይከሽፋል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይጠቀምበት ቀረ።

ካሃል ይህን ዘዴ በ1887 በማድሪድ ከሐኪሙ ከልዊስ ሲማሮ ዘንድ አየ። በዚያው ዓመት ወደ ባርሴሎና ተዛውሮ ሌሊትና ቀን ይሠራበት ጀመር። ማቅለሙን ደጋግሞ በማድረግ አሻሻለው። ከዚህም የሚበልጥ ብልሃት አገኘ፤ ይኸውም ያደገውን አንጎል ትቶ ገና በእንቁላል ውስጥ ያለውን የጫጩት አንጎል መመርመሩ ነው። ጫካው አልገባ ያለው ሰው ወደ ችግኙ ሄደ እንደ ማለት ነው። በችግኙ ላይ ቅርንጫፎቹ ገና አልተጠላለፉም፤ እያንዳንዱም ሴል ለብቻው ቆሞ፥ ጫፉ ሌላውን እየቀረበ ነገር ግን ከሌላው ጋር ሳይዋሐድ ታየ። ይህም በ1888 ነው።

የሚያሳትምለት ስላልነበረ በራሱ ገንዘብ መጽሔት አቋቁሞ 60 ቅጂ አሳተመና ለውጭ አገር ሊቃውንት ላከ። መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ በ1889 ማይክሮስኮፑን ተሸክሞ ወደ በርሊን ሄደ። ጀርመንኛ አያውቅም፥ ፈረንሳይኛውም ደካማ ነበረ። ሆኖም ታላቁ ሊቅ አልበርት ፎን ከሊከር በመነጽሩ አይቶ አመነለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ታወቀ።

በ1906 የኖቤል ሽልማት ለካሃልና ለጎልጂ በአንድነት ተሰጠ፤ ጎልጂም በሽልማቱ ንግግር ላይ ቆሞ የመረቡን አሳብ ደግፎ ተከራከረ። አንዳንዶች በዚህ ይስቁበታል። እኔ ግን ጎልጂን መናቅ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የእርሱ ቀለም ባይኖር ካሃል ምን ያይ ነበር? ክርክሩን የፈጸመው በ1950ዎቹ የመጣው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ በሁለቱ ሴሎች መካከል ያለውን እጅግ ጠባብ ክፍተት በግልጽ አሳየ። ያን ጊዜ ሁለቱም ሊቃውንት ሞተዋል።

ይህ ነገር ከመሣሪያ ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚል አንባቢ አይጠፋም። አንጎል አንድ ወጥ መረብ ቢሆን ኖሮ ክፍሉን ከክፍል ለይቶ መቁጠርና ማስላት ባልተቻለ ነበር። ሴሉ ለብቻው ከቆመ ግን ከሌሎች ይቀበላል፥ የተቀበለው በቂ ሲሆን ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፥ በቂ ካልሆነ ዝም ይላል። በ1943 ዋረን ማኩሎክና ገና የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ዋልተር ፒትስ ይህን ወደ ሒሳብ ለውጠው ጻፉ። ካሃል በ1894 ትምህርት ማለት በሴሎች መካከል ያለው ግንኙነት መጠንከሩ እንደ ሆነ ገምቶ ነበር፤ ዶናልድ ሄብ በ1949 ተመሳሳይ አሳብ አስፋፋ፥ ፍራንክ ሮዘንብላት ደግሞ በ1958 ግንኙነቱን እያጠበቀና እያላላ የሚማር የሒሳብ ሞዴል አቀረበ። በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ለጆን ሆፕፊልድና ለጄፍሪ ሂንተን የተሰጠው በዚሁ መስመር ለሠሩት ሥራ ነው። እርግጥ በመሣሪያው ውስጥ ሴል የሚባለው ማባዛትና መደመር ብቻ ነው፤ ሕይወት ያለውን ሴል አያክልም፤ ሕፃን ጥቂት ጊዜ አይቶ የሚለየውን መሣሪያው በእጅግ ብዙ ምሳሌ ይማረዋል።

መሣሪያውም በበኩሉ ለአንጎል ጥናት ብድሩን መልሷል። መሣሪያ ከስሕተቱ እንዲማር የተዘጋጀ ሒሳብ ነበረ፤ ዋጋ የሚሰጠው ለሽልማቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በሽልማቱና በተጠበቀው መካከል ላለው ልዩነት ነው። በፈተና 60 የጠበቀ ተማሪ 80 ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ ማሰብ ይበቃል። በ1997 ሊቃውንት በዝንጀሮ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሴሎች ልክ በዚህ ሒሳብ እንደሚሠሩ ገለጹ።

ካሃል በኦክቶበር 17 ቀን 1934 በ82 ዓመቱ በማድሪድ ሞተ። በእጁ የሣላቸው ሥዕሎች ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬም በትምህርት መጻሕፍት ይታተማሉ። በ1915 ከዶሚንጎ ሳንቼዝ ጋር ሆኖ የነፍሳትን የዓይን ነርቭ መርምሮ ሥሎ ነበር። በ2024 የአንዲት የፍሬ ዝንብ አንጎል ካርታ በሙሉ ታትሟል፤ 139 ሺህ ያህል ሴሎችና ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ግንኙነቶች አሉት። እያንዳንዱን ሴል ከነቅርንጫፉ ተከትሎ የለየው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሆን፥ የተሳሳተውን ደግሞ ብዙ ሰዎች በዓይናቸው እየተመለከቱ አርመውታል።