ሄሪ ብሬርሊ፤ የማይዝገውን ብረት ያስተዋለ ሰው

ዛሬ ሎሚ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ቢያድር በማግሥቱ እንደ ትናንቱ ሲያብረቀርቅ ይገኛል፤ ይህም ማንንም አያስደንቅም። ከመቶ ጥቂት ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ቢላዋ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲነካው ይጠቁር፣ እርጥብ ሆኖ ሲያድርም ይዝግ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በባለጸጎች ቤት ቢላዋዎችን በጡብ ዱቄት እየፈተገ የሚያነጻ ልጅ ይቀጠር ነበረ። ከዚህ ድካም ካሳረፉን ሰዎች መካከል ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ሄሪ ብሬርሊ ነው። ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ስለ ቢላዋ ብቻ ብዬ አይደለም። ይህ ሰው ታላቁን ነገር ያገኘው ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው፤ ሊያገኘውም የቻለው አንድ ትንሽ የሚመስል ሥራ፣ ይኸውም ብረትን እንደ መስተዋት እስኪያበራ መወልወል፣ በሙያው ውስጥ ስለ ነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሬርሊ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1871 ዓ.ም. ሼፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። ሼፊልድ ከጥንት ጀምሮ በቢላዋና በስቲል ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ስቲል ማለት ጥቂት ካርቦን ያለበት ጠንካራ ብረት ነው። አባቱ ጆን ብሬርሊ በቶማስ ፈርዝ ኩባንያ ስቲል አቅላጭ ሆኖ ከእቶን ፊት የሚውል ሠራተኛ ነበረ። ቤታቸው ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ፣ ገቢያቸውም አነስተኛ ነበረ። ስለዚህ ሄሪ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ትምህርት ቤቱን ትቶ ወደ ሥራ ዓለም ገባ።

ብዙም ሳይቆይ በዚያው ኩባንያ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆነ። ይህ ሥራ ከሥራዎች ሁሉ ዝቅ ያለ ነበረ። ዳሩ ግን ጄምስ ቴይለር የተባለው የላቦራቶሪው ኬሚስት የልጁን ለማወቅ መጓጓት አይቶ እንዲማር አበረታታው። ሄሪም ቀን ጠርሙስ እያጠበ፣ ማታ ማታ በማታ ትምህርት ቤትና በቤቱ እያጠና ዕውቀቱን አሰፋ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከጠርሙስ አጣቢነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነትም ስቲልን መርምሮ በውስጡ ያለውን ለይቶ ወደሚናገር ባለሙያነት ደረሰ። በ1895 ዓ.ም. ሔለን ክራንክ የምትባል ሴት አገባ። በ1902 ዓ.ም. ከፍሬድ ኢቦትሰን ጋር ሆኖ በስቲል ፋብሪካ የሚገኙ ነገሮች እንዴት እንደሚመረመሩ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በ1904 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ወደ ነበረችው፣ ዛሬ ግን የላትቪያ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ሪጋ ሄዶ በፈርዝ ፋብሪካ አገለገለ። በ1907 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላም ፈርዝና ጆን ብራውን የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች በኅብረት ያቋቋሙትን የምርምር ላቦራቶሪ እንዲመራ ተሾመ።

በ1912 ዓ.ም. አንድ የጠመንጃ ፋብሪካ ችግሩን ለብሬርሊ አቀረበ። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ በባሩዱ ሙቀትና በጋዙ ኃይል እየተበላ ቶሎ ይበላሽ ነበረ። ብሬርሊ ክሮሚየም የተጨመረበት ስቲል ይህንን ይቋቋም ይሆናል በሚል ሐሳብ መጠኑን እየለዋወጠ አስቀለጠ። ኦገስት 13 ቀን 1913 ዓ.ም. የቀለጠው ስቲል ከመቶው 12.8 እጅ ክሮሚየምና 0.24 እጅ ካርቦን ነበረበት።

እዚህ ላይ የመወልወሉ ነገር ይመጣል። የብረትን ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ብረቱን መስተዋት ማድረግ አለበት። በዚህ ጥበብ ፈር ቀዳጅ የሆነው የዚያው የሼፊልድ ሰው ሄንሪ ሶርቢ ነበረ። ቁራጩ ብረት በመጀመሪያ በሸካራ፣ ቀጥሎ በለዘበ፣ ከዚያም ይልቅ በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ወረቀቱ በተለወጠ ቁጥር የማሸቱም አቅጣጫ ይለወጣል፤ ምክንያቱም አዲሱ ጭረት የፊተኛውን በመስቀለኛ ሲያቋርጠው የፊተኛው ጨርሶ መጥፋቱና አለመጥፋቱ በግልጥ ይታያል። በመጨረሻ በጨርቅና በደቃቅ ዱቄት ሲወለወል የሰው ፊት የሚያሳይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ናይትሪክ አሲድ በአልኮል ተበርዞ ይደረግበታል። አሲዱ መስተዋቱን ነክሶ ሲያደበዝዘው ብረቱ የተሠራባቸው ቅንጣቶች ወሰናቸው ይገለጣል።

የብሬርሊ አዲስ ስቲል ግን አሲዱን ተቋቋመው፤ መስተዋቱ እንደ ሌላው ስቲል አልደበዘዘም። ችኩል ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ብረት ለምርመራ አይመችም ብሎ ይጥለው ነበረ። ብሬርሊ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በአሲድ ጠርሙሶች መካከል ያደገ ሰው ነውና እንግዳ ነገር መሆኑን ዐወቀ። ኮምጣጤና የሎሚ ጭማቂም ሞከረበት፤ እነርሱም ሊያጠቁሩት አልቻሉም። ይህ ስቲል በእሳት ግሎ ከጠነከረና በሚገባ ከተወለወለ ደግሞ ይበልጥ እንደሚቋቋም አስተዋለ።

ለአፈሙዝ የታሰበው ብረት ለገበታ ቢላዋ እንደሚሆን ብሬርሊ ተረዳ፤ አለቆቹ ግን ለዚህ ሐሳብ ብዙ ግምት አልሰጡትም። ናሙናው ለሁለት የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ቢሰጥም፣ ለመቀጥቀጥም ለመሳልም አስቸጋሪ ሆኖባቸው ሳይቀበሉት ቀሩ። እንዲያውም የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው እየተባለ ተቀለደበት። በ1914 ዓ.ም. ግን ኧርነስት ስቱዋርት የተባለ የሞዝሊ ቢላዋ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ብረቱን በኮምጣጤ ፈተነውና አመነበት። ትርጉሙ እድፍ የማይዘው የሆነውን ስቴይንለስ የተባለውን ስም ያወጣለትም እርሱ ነው። ስቱዋርት የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካለትም ደጋግሞ ሞከረ፤ በመጨረሻም ብረቱ ተስማሚውን ሙቀት ካገኘ ጥሩ ስለት እንደሚያወጣ ታወቀ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ግኝቱ የሠራተኛው ነው ወይስ የኩባንያው የሚል ክርክር ተነሣ። ኩባንያው በእርሱ ላቦራቶሪ የተገኘ ነገር የእርሱ እንደሆነ ያምን ነበረ፤ ብሬርሊም የድርሻውን ይጠይቅ ነበረ። ሊስማሙ ስላልቻሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ቤት ለቀቀና በ1915 ዓ.ም. ብራውን ቤይሊ ወደሚባል ሌላ የሼፊልድ ኩባንያ ተሻገረ። በ1916 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ከፈርዝ ጋር ተስማምተው መብቱን የሚያስተዳድር የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረቱ ከቢላዋ ይልቅ ለአውሮፕላን ሞተር ቫልቭ ይፈለግ ነበረ። በ1920 ዓ.ም. ብሬርሊ በብረት ሙያ ከፍተኛ ክብር ያለውን የቤሰመር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

እውነቱን ለመናገር ግን ብሬርሊ ብቻውን አልነበረም። ክሮሚየም ያለበት ብረት አሲድን እንደሚቋቋም ፈረንሳዊው ፒየር ቤርትየ በ1821 ዓ.ም. ተመልክቶ ነበረ። በጀርመን አገር የክሩፕ ኩባንያ ሊቃውንት ክሮሚየምና ኒኬል ያለበትን የማይዝግ ስቲል በ1912 ዓ.ም. አስመዝግበዋል። በአሜሪካም ኤልውድ ሄይንስ በዚሁ ነገር ይደክም ነበረ። የብሬርሊ ድርሻ በእጁ የገባውን ነገር ጥቅም ማስተዋሉና ሰዎች ሲስቁበት አለመተዉ ነው።

ብሬርሊ በ1925 ዓ.ም. ከዘወትር ሥራው ዐረፈ። በ1941 ዓ.ም. የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም በጎ አድራጎት የሚሠራበት ድርጅት በገንዘቡ አቋቋመ። ጁላይ 14 ቀን 1948 ዓ.ም. ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሰባ ሰባት ዓመቱ ሞተ።

የባሕር ነገር ከተነሣ፣ የብሬርሊ ስቲል ራሱ ከቢላዋ አልፎ የባሕርን ጨው በሚገባ የሚችል አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. በላቦራቶሪው የተተካው ዊልያም ሃትፊልድ ከመቶው 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበትን ስቲል አወጣ። ዛሬ ለጀልባ መደገፊያ ዘንግና ለገመድ ማሰሪያ የሚመረጠው ደግሞ ከመቶው ከ2 እስከ 3 እጅ ሞሊብዲነም የተጨመረበት ነው። ምሥጢሩ ግን በሁሉም አንድ ነው። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ላይ የማይታይ ልባስ ያበጃል፤ ውፍረቱም የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው። ልባሱ ቢጫር ራሱን መልሶ ይጠግናል። ጭረት በበዛበት ገጽ ላይ ግን ጨውና ቆሻሻ ተጠግቶ ልባሱን ይበላዋል፤ መስተዋት በሆነው ላይ መጠጊያ ያጣል።

ስለዚህ በባሕር ዳር አገር ያለ የጀልባ ባለቤት ዘንጉን ፈትቶ በቤቱ ጓሮ ሲወለውል፣ ብሬርሊ በላቦራቶሪው ያደርገው የነበረውን ያደርጋል። ከሸካራው ወረቀት ጀምሮ፣ አቅጣጫውን እየለወጠ፣ እስከ ደቃቁ ይደርሳል፤ በጨርቅና በመወልወያ ቅባት ይጨርሳል። በተራ የብረት ሽቦ አይፈትገውም፤ የሽቦው ብናኝ በላዩ ቀርቶ ይዝጋልና። ቸኩሎ አንዱን ወረቀት የዘለለ ሰው ግን የዘለለው ጭረት ብርሃኑ በበዛ መጠን ጎልቶ ይታይበታል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም ትምህርታችንን ልንጨርስ የቀረን ጥቂት ጊዜ ነው። ብሬርሊ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የተነጠቀው ትምህርት ለእኛ እስከ አሥራ ስምንት ዓመታችን ተሰጥቶናል። ከመካከላችን ጠርሙስ በሚያሳጥብ ሥራ የሚጀምር ይኖር ይሆናል፤ አይፈር። ነገር ግን ዘልለን ያለፍነው ትምህርት ካለ እንደ ጭረቱ ነውና፣ ጊዜ ሳለልን ተመልሰን እንወልውለው።