ሻምበል አበበ፦ ቶኪዮን ስናወራ ሜክሲኮን የረሳንለት ጀግና

ስለ አበበ ቢቂላ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ከቀዶ ሕክምና ማግስት ማሸነፉን ሕፃናት ሳይቀሩ ያወሩታል። እኔ ግን ሯጮችን የማክም ሐኪም በመሆኔ ሕይወቱን የማየው ከሜዳሊያው ይልቅ በሰውነቱ በኩል ነው። በዚህ በኩል ሲታይ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ትምህርት ይዞ ይመጣል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ገባ፤ በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅም ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ አገሩ የዘመን መለወጫን ዋዜማ ሲያከብር፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በባዶ እግሩ መሮጡ እንደ ጀብዱ ይነገራል። በሐኪም ዓይን ግን አስተዋይ ውሳኔ ነበር። የተገኘው ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ እግሩ ለምዶታል። በውድድር ቀን አዲስ ጫማ አታድርጉ የሚለው ምክር ዛሬም አልተለወጠም።

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ ወደ አርባ ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ታመመ። ትርፍ አንጀት ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ጥቅምት 11 ቀን ደግሞ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በአዲስ ክብረ ወሰን ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ወደ እኔ የሚመጡ ወጣት ሯጮች ዕረፍት አድርጉ ስላቸው ይህንን ታሪክ ያነሱብኛል። አበበ ተቀዶ እንኳ ሮጧል፣ እኔ በእግር ሕመም እንዴት እቀራለሁ ነው ነገሩ። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ትርፍ አንጀት ተቆርጦ ከወጣ በሽታው አለቀ፤ የሚቀረው የቁስሉ መጠገን ነው፤ ይህም በወጣትና በጤነኛ ሰው ላይ ሳምንታት ቢፈጅ ነው። የአጥንትና የጅማት ጉዳት ግን ከሩጫው ራሱ የሚመጣ ነው። ሩጫ ያመጣውን ጉዳት ሩጫ አያድነውም።

ለዚህ ምስክሩም አበበ ራሱ ነው። በ1959 ዓ.ም ስፔን ውስጥ ዛራውትዝ ላይ ሲሮጥ እግሩን ተጎዳ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ሜክሲኮ ላይ 1 ቁጥርን ደረቱ ላይ ለጥፎ ለሦስተኛ ድል ቢሰለፍም የእግሩ ጉዳት አላስኬደውም፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አቋርጦ ወጣ። ድሉን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው። ይህን ቀን ብዙ አናወራለትም። ለእኔ ግን ከቶኪዮ ባልተናነሰ የሚያስተምረው ይኸኛው ነው። ዓለምን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው እንኳ የተጎዳ እግርን በወኔ ሊያሸንፈው አልቻለም።

የማራቶን ሯጭ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠለጥነው ሕመምን ለመቻል ነው። ስለዚህ የመሮጥና ያለመሮጥ ውሳኔ ለእሱ ብቻ ሊተው አይገባም። ሜዳሊያውን የሚጠብቀው አሰልጣኝም ብቻውን ሊወስን አይገባም። በጣት የሚጠቆም የአጥንት ሕመም ያለው፣ ሲሮጥ የሚብስበት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሰው ሩጫውን አቁሞ መመርመር አለበት። ይህ ለብሔራዊ ቡድን ብቻ ሳይሆን ለታላቁ ሩጫ ከቢሮ መልስ ለምንለማመደውም ይሠራል።

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት፣ ሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠች። እስኪነጋ እዚያው ተቀርቅሮ አደረ። አንገቱ ላይ በደረሰው ጉዳት እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው፤ በቀናት ውስጥም ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተላከ።

እዚያ በ1936 ዓ.ም የኅብለ ሰረሰር ሕክምና ማዕከሉን ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። ከእሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በመተኛት ብዛት በሚመጣ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። እሳቸው ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን ደንብ አደረጉ፤ ስፖርትንም እንደ መድኃኒት አዘዙ። የሚገርመው፣ አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም፣ እኒሁ ሐኪም የመሩት የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ እዚያው ሮም ተከፍቶ ነበር።

አበበ በስምንት ወር ሕክምና እጆቹን መልሶ አገኘ። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም የሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ አረፈ፤ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ።

በወንበር ላይ የኖረባቸው ዓመታት ሕክምናና ስፖርት ሲደጋገፉ ምን እንደሚሠሩ አሳይተውናል። ስለዚህ በየቡድኑ፣ በየክለቡ፣ ከወጌሻው ጎን አትሮጥም ማለት የሚችል፣ ይህን በማለቱም ከሥራው የማይባረር ሐኪም ያስፈልገናል። የቶኪዮውን አበበ የምናከብር ሁሉ የሜክሲኮውንም አበበ ለልጆቻችን እንንገር።